«ማቆም» ሲባል ምን ማለት ነው? ዕቃ በማውረድ ላይ ሳለ ስለሚጻፍ የትራፊክ ቅጣትና ስለ መከራከር መብት

ለዛሬው ንግግር የመረጥሁት ርእስ ለአንዳንዶቻችሁ ያነሰ ሊመስላችሁ ይችላል። የሕግ ትምህርት ቤቶቻችን ስለ ነፍስ ግድያ፣ ስለ ውል፣ ስለ ሕገ መንግሥት ትርጉም ያስተምራሉ። አብዛኛው ዜጋ ግን ከመንግሥት ሥልጣን ጋር ፊት ለፊት የሚገናኘው በመኪናው መስኮት በኩል በምትሰጠው አንዲት ወረቀት ነው። ወረቀቷ ስትጻፍ ምን ዓይነት የሕግ ተግባር እንደተፈጸመ፣ የተጻፈበት ሰውስ ምን ብሎ መመለስ እንደሚችል አጥርቶ የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ ጉዳዩን በአንድ ቦታና በአንድ ሁኔታ ላይ ተክዬ ልመርምረው።

ቦታው ደገሀቡር ይሁን። ከጅግጅጋ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ደቡብ የምትርቀው ይህች የጀረር ዞን መቀመጫ ወደ ቀብሪ ደሀርና ወደ ጎዴ የሚወርደው አውራ መንገድ የሚያልፍባት ከተማ ናት። እንዲህ ባሉ ከተሞች አውራ ጎዳናው አገር አቋራጭ መንገድ ብቻ ሳይሆን ገበያም ነው። አይሱዙው፣ ሚኒባሱ፣ ባጃጁና የአህያ ጋሪው በአንድ አስፋልት ይተላለፋሉ፤ የሱቁ በር ወደዚያው ይከፈታል፤ በጓሮ በኩል የዕቃ ማስገቢያ ያለው ሱቅ ብርቅ ነው። እንግዲህ አንድ ነጋዴ በምናባችን እንውሰድና በሕግ መምህራን ልማድ «አቶ ሀ» እንበለው። አቶ ሀ ከጅግጅጋ 20 ጆንያ ሩዝና ጥቂት ካርቶን ፓስታ በፒክአፕ ጭኖ መጥቶ በሱቁ ፊት ለፊት የአስፋልቱን ዳር ያዘ። ፍሬቻውን አብርቶ፣ የኋላውን ስፖንዳ አውርዶ፣ ሁለት ወጣቶች ጆንያውን ወደ ውስጥ ያስገቡለት ጀመር። አሥረኛው ጆንያ ላይ ሲደርሱ ትራፊክ ፖሊስ መጣና «በተከለከለ ቦታ መኪና ማቆም» የሚል ቅጣት ጻፈበት፤ መንጃ ፈቃዱንም ያዘ። አቶ ሀ «እያወረድሁ ነው እንጂ አላቆምሁም» ይላል። ፖሊሱም «መኪናው ቆሟል፤ እኔ የማየው እርሱን ነው» ይላል።

ሁለቱ የተነጋገሩት በክልሉ የሥራ ቋንቋ በሶማልኛ እንደሚሆን ግልጽ ነው። ነገር ግን ጥፋቱን የሚደነግገው የፌዴራል ደንብ በነጋሪት ጋዜጣ የሚታተመው በአማርኛና በእንግሊዝኛ ሲሆን፣ በአዋጅ ቁጥር 3/1987 መሠረት ሁለቱ ሲለያዩ የአማርኛው ቅጂ የበላይነት አለው። ስለዚህ ክርክሩ በየትኛውም ቋንቋ ቢነሣ፣ መቋጫው አንድ የአማርኛ ግስ ነው።

ያ ግስ ደግሞ እጅግ ሰፊ ነው። ምሰሶ ማቆም፣ ሥራ ማቆም፣ ሲጋራ ማቆም፣ ጠበቃ ማቆም እንላለን። በመኪና ረገድም ለቀይ መብራት መግታቱ፣ ተሳፋሪ ለማውረድ ዳር መያዙ፣ ቆልፎ ሄዶ ማደሩ ሁሉም «ማቆም» ይባላሉ። በየከተማው በግቢ በሮች ላይ በቀለም የተጻፈውን ማስታወቂያ አስታውሱ፤ «ለአንድ ደቂቃም ቢሆን መኪና ማቆም ክልክል ነው» ይላል። የግቢው ባለቤት የቋንቋ ሊቅ ባይሆንም አንድ ነገር ገብቶታል፤ «ማቆም ክልክል ነው» ብቻ ቢል አንባቢው «እኔ እኮ ለአፍታ ነው» እንደሚለው ያውቃል። «ለአንድ ደቂቃም ቢሆን» የሚለው ጭማሪ የቃሉን አሻሚነት በሚገባ ይመሰክራል። በነገራችን ላይ፣ ሥልጣን ያለው አካል ያልተከለው እንዲህ ያለ የግል ጽሑፍ ምኞትን ይገልጻል እንጂ በራሱ ጥፋት አይፈጥርም።

በዓለም አቀፍ ደረጃ ይህ መምታታት የተፈታው በ1968 እ.ኤ.አ. ለፊርማ በቀረበው የቪየና የመንገድ ትራፊክ ስምምነት ነው። ስምምነቱ በአንቀጽ 1 ሁለት ሁኔታዎችን ይለያል። የመጀመሪያውን «ለአፍታ መቆም» ልበለው፤ ተሽከርካሪው ሰው ለማሳፈርና ለማውረድ፣ ወይም ዕቃ ለመጫንና ለማራገፍ ለሚያስፈልገው ጊዜ ብቻ ሲቆም ነው። ሁለተኛው በተለምዶ «ፓርክ ማድረግ» የምንለው ነው፤ ተሽከርካሪው ከሌላ መንገደኛ ጋር ላለመጋጨት ወይም የትራፊክ ሕግ ለማክበር ሳይሆን በሌላ ምክንያት ቆሞ፣ የቆመበትም ጊዜ ለመጫንና ለማውረድ ከሚያስፈልገው ሲያልፍ ነው። በሰዓት የተለካ ገደብ በዚህ ትርጓሜ ውስጥ የለም፤ ሾፌሩ በመሪው ላይ መቀመጡም መለያ አልተደረገም። መለያው ዓላማውና ለዓላማው የሚያስፈልገው ጊዜ ነው።

ይህ ልዩነት በምልክቶችም ይታያል። በዚያው ዓመት በተዘጋጀው የመንገድ ምልክቶች ስምምነት መሠረት፣ ቀይ ጠርዝ ያለው ሰማያዊ ክብ ምልክት አንድ ሰያፍ ቀይ መስመር ካለው የሚከለክለው ፓርክ ማድረግን ብቻ ነው፤ ሁለት የተመሳቀሉ መስመሮች ካሉት ግን ለአፍታ መቆምንም ይከለክላል። ብዙ አሽከርካሪ ሁለቱን አንድ አድርጎ ያነባቸዋል። በአንድ መስመር ሥር ዕቃ ሲያራግፍ የተቀጣ ሰው መከራከሪያ አለው፤ በመስቀሉ ሥር የተቀጣው ግን በማራገፉ አይድንም።

ምልክት በሌለበትስ? የስምምነቱ አንቀጽ 23 እዚህም ደረጃ ያወጣል። በእግረኛ ማቋረጫ ላይ፣ በባቡር ሐዲድ ላይ፣ እይታ በማይበቃበት የኮረብታ ጫፍና ኩርባ አጠገብ ለአፍታ መቆምም አይፈቀድም። በመስቀለኛ መንገድና በአውቶቡስ ማቆሚያ መዳረሻ ላይ፣ እንዲሁም በግቢ መግቢያ በር ፊት ለፊት የተከለከለው ግን ፓርክ ማድረግ ነው። እንግዲህ በዚህ መለኪያ ያ የግቢው ባለቤት ከሕጉ የበለጠ ጠይቋል ማለት ነው።

አሁን ወደ አገራችን ሕግ እንመለስ። የትራፊክ ጥፋቶችን ቀደም ሲል በዝርዝር ደንግጎ የነበረው በ2003 ዓ.ም. የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 208 ሲሆን፣ በ2009 ዓ.ም. በደንብ ቁጥር 395 ተሻሽሎ ነበር። የቅጣት መጠኖች በየጊዜው ስለሚለዋወጡ የብር ቁጥር ከመጥራት እቆጠባለሁ፤ ቅጣቱ በተጻፈበት ቀን የጸናው ደንብ የትኛው እንደሆነ ማረጋገጥ የማንኛውም ተከራካሪ የመጀመሪያ ሥራ ነው። ለእኛ ይበልጥ የሚጠቅመው የጥፋቱ ባሕርይ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 735 ሥልጣን ባለው አካል የወጣን አስገዳጅ ወይም ከልካይ ደንብ መጣስ «የደንብ መተላለፍ» መሆኑን ይደነግጋል። የፓርኪንግ ጥፋት ከዚህ ወገን ነው። ትንሽ ቢሆንም የቅጣት ሕግ ቤተሰብ ነው፤ ስለዚህ የዚያው ሕግ አንቀጽ 2 ያጸናው የሕጋዊነት መርሕ ይከተለዋል። ፍርድ ቤት በሕግ ያልተደነገገን ጥፋት በማመሳሰል ሊፈጥር አይችልም። ዓላማው ተሽከርካሪን ያለ ሥራ መንገድ ላይ ማስቀመጥን መከልከል የሆነ ድንጋጌ፣ ሥራ ላይ ያለን መኪና «ያው እርሱም ቆሟል» ተብሎ አይለጠጥበትም። እኔ የምደግፈው ንባብ ይህ ነው፤ ተቃራኒው ንባብ «ማቆም» የሚለውን ቃል እስከ መጨረሻው ወርዱ ከዘረጋው በቀይ መብራት የቆመውንም አጥፊ ሊያደርገው ይደርሳል።

ለፖሊሱም ፍትሐዊ እንሁን። በአንድ አስፋልት ላይ የቆመ ፒክአፕ ባጃጁንና እግረኛውን ወደ ከባድ መኪናው መስመር ይገፋል፤ ይህ በአውራ ጎዳና ላይ ለተቆረቆረች ከተማ እውነተኛ አደጋ ነው። «እያወረድሁ ነው» የሚለውን ቃል ደግሞ ሻይ ሊጠጣ የገባውም ሁሉ ይለዋል። ከሐረርጌ ደጋ ተነሥቶ እየበረረ የሚገባውን የጫት መኪና እንውሰድ። እሽጉን ጥሎ ከሄደ አራግፏል። ስፖንዳውን አውርዶ ለተሰበሰበው ሰው ከመኪናው ላይ የሚያድል ከሆነ ግን እየነገደ ነው፤ ዕቃ ከመኪና ላይ መውረዱ ብቻ ንግድን ማራገፍ አያደርገውም። ፖሊሱ መንገድ መዘጋቱን አይቶ ከሆነም ሊጽፍ የሚገባው መንገድ መዝጋትን ነው። ወረቀቱ ላይ «ማቆም» ተጽፎ በክርክሩ ጊዜ «ግን እኮ መንገድ ዘግቷል» ቢባል፣ አቶ ሀ ያልተከሰሰበትን እንዲከላከል መገደዱ ነውና ይህን ለዳኛው ማሳሰብ አለበት።

ሌሎች አገሮች ይህን ጉዳይ እስከ ጥጉ ተከራክረውበታል። በብሪታንያ በ1991 እ.ኤ.አ. የወጣው የመንገድ ትራፊክ ሕግ የፓርኪንግ ጥፋትን ከወንጀል ችሎት አውጥቶ ወደ ነጻ ገምጋሚ ዳኞች የሚወስድ መንገድ ከፈተ። እዚያ በሁለት ቢጫ መስመር ላይ ፓርክ ማድረግ ክልክል ነው፤ የመንገዱ ጠርዝ ድንጋይ ላይ ተጨማሪ ቢጫ ጭረት ካልተቀባ በቀር ግን መጫንና ማውረድ በጥቅሉ ይፈቀዳል። መኪናው እዚያ እንደነበር ባለሥልጣኑ ያሳያል፤ እያራገፈ እንደነበር ደግሞ ባለመኪናው ያሳያል። ከክርክሮቹ የተገኘው ፍሬ ለእኛም ይረዳል፤ ዕቃውን ወደ ውስጥ ማስገባትና ርክክቡን መፈረም የማራገፉ አካል ሆኖ ሲቆጠር፣ ሱቅ ገብቶ ዕቃ መርጦ መግዛት ግን አይቆጠርም። እኛ ዘንድ ይህን የመሰለ የውሳኔ ክምችት የለንም፤ ምክንያቱም ክርክሩ ዳኛ ፊት አይደርስም።

ለምን አይደርስም? አንዱ ምክንያት የምንጠቀምባቸው ቃላት ናቸው። ወረቀቱን «ቅጣት»፣ መቃወሙን «ይግባኝ» እንላለን። ይግባኝ ግን ከተሰጠ ፍርድ ላይ ወደ በላይ አካል መሄድ ነው፤ ትራፊክ ፖሊስ ደግሞ ዳኛ አይደለም። የጻፈው ወረቀት በሕግ ዓይን ክስ ነው፤ «ካመንህ ይህን ያህል ከፍለህ ሂድ» የሚል ሐሳብ የተጨመረበት ክስ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው ጥፋተኛ ሆኖ ያለመቆጠር፣ የቀረበበትን ማስረጃ የማየትና ምስክሮችን የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል፤ አንቀጽ 37 ደግሞ በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ለፍርድ ቤት ወይም የዳኝነት ሥልጣን ላለው አካል የማቅረብ መብትን ያረጋግጣል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግም ከአንቀጽ 167 እስከ 170 ለደንብ መተላለፍ ቀላል ሥርዓት አበጅቶ ነበር፤ ተከሳሹ በመጥሪያ ይጠራል፣ ከፈለገ ሳይቀርብ ጥፋቱን በጽሑፍ ያምናል፣ ካላመነ ይሰማል። ከዚህ ሥርዓት መንፈስ ተነሥተን ስንመዝነው፣ ወረቀቱን ተቀብሎ ገንዘቡን መክፈል በተግባር ከእምነት ቃል አይለይም። «መጀመሪያ ልክፈል፣ በኋላ እከራከራለሁ» የሚል ሰው የክርክሩን በር ራሱ ይዘጋዋል።

ሁለተኛው ምክንያት ኑሮ ነው። መንጃ ፈቃዱ የተያዘበት ወይም ታርጋው የተፈታበት ሾፌር እንጀራው ተይዟል። ሦስት ቀን ተመላልሶ ቢረታ እንኳ የሦስት ቀን ገቢ ያጣል፤ ቢከፍል ግን ከሰዓት በኋላ ሥራው ላይ ነው። ይህን ስሌት ሞኝነት ልንለው አንችልም። ውጤቱ ግን ከባድ ነው፤ እያንዳንዱ ከፋይ ለራሱ ልክ የሆነውን ሲያደርግ፣ የደንቡ ትርጉም በአስፋልት ዳር በሚሰጥ የአንድ ሰው አስተያየት ጸንቶ ይቀራል።

ሦስተኛው የሕግ ክፍተት ነው፤ ደገሀቡርን የመረጥሁበትም ምክንያት ይኸው ነው። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 አስተዳደራዊ ውሳኔ በጽሑፍና በምክንያት እንዲሰጥ፣ ተቋማት ቅሬታ ሰሚ እንዲኖራቸው፣ ውሳኔያቸውም በፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት እንዲከለስ የሚያስችል ታላቅ እርምጃ ነው። ሆኖም የሚመለከተው የፌዴራል ተቋማትንና የአዲስ አበባና የድሬዳዋ አስተዳደሮችን አስፈጻሚ አካላት ነው። የክልል ትራፊክ ጽሕፈት ቤት በአዋጁ አይሸፈንም። ደገሀቡር ያለው አቶ ሀ እንግዲህ ጉዳዩን በሁለት መንገድ ሊያራምድ ይችላል። አንደኛው ለትራፊክ ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ በጽሑፍ የሚቀርብ ቅሬታ ነው። ሁለተኛው ጥፋቱን እንደማያምን አስታውቆ ክሱ በፍርድ ቤት እንዲታይለት መጠየቅ ነው። ሁለተኛው መንገድ መሠረቱ ሕገ መንግሥቱ ስለሆነ የክልል ድንበር አያግደውም።

በሶማሌ ክልል ሦስተኛ መንገድም ይታወቃል፤ የአገር ሽማግሌ። ሔር የሚባለው የሶማሌ ባህላዊ ሕግ ሰውን ከሰው፣ ጎሳን ከጎሳ በማስታረቅ ረገድ ያለው ብቃት የተመሰከረ ነው። ሽማግሌ ገብቶ መንጃ ፈቃዱን ቢያስመልስ አልነቅፍም። ነገር ግን ምሕረት የተገኘበት ጉዳይ የተፈረደበት ጉዳይ አይደለም፤ በማግስቱ እዚያው ቦታ የሚያራግፈው ሌላ ሰው፣ ሽማግሌ የሌለው እንግዳ ሾፌርም ቢሆን፣ ከእርሱ የሚጠቅሰው ነገር አያገኝም።

ስለ ቅሬታው አጻጻፍ ጥቂት ልበል፤ በነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት የምትሠሩ ተማሪዎች ይህ በየጊዜው ይገጥማችኋል። ማመልከቻው ስለ ፖሊሱ ጠባይ ሳይሆን ስለ መኪናው ሁኔታ ይናገር። ዕቃው ምን ነበር፣ ስንት ነበር፣ ከየት መጣ፣ ለማን ወረደ? የዕቃ መግዣ ደረሰኝ ወይም የማስረከቢያ ሰነድ ቀኑ ከቅጣቱ ቀን ጋር ሲገጥም ከማንኛውም መሐላ ይበልጣል። ፎቶግራፍ ካለ፣ ጆንያው ከፊሉ በመኪናው ላይ ከፊሉ በሱቁ ደጅ ሆኖ የሚያሳየው አንድ ፎቶ የቆመ መኪና ብቻ ከሚያሳዩ አሥር ፎቶዎች ይሻላል። ሌላ ፎቶ ደግሞ መንገዱን ወዲያና ወዲህ ያሳይ፤ ምልክት መኖሩንና አለመኖሩን፣ ካለም መስመሩ አንድ ወይስ ሁለት መሆኑን።

እዚህ ላይ ቀላል የሚመስል፣ ግን ጉዳይ የሚያበላሽ ነገር አለ። የስልክ ፎቶ ሰዓቱን በአውሮፓ አቆጣጠር 9:10 ብሎ ይመዘግባል፤ ፖሊሱ በወረቀቱ ላይ 3:10 ብሎ ይጽፋል። ቀኑም አንዱ በዓመተ ምሕረት፣ ሌላው በአውሮፓ ዘመን ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ያላስተካከለ አመልካች ማስረጃው ከስድስት ሰዓት በኋላ የተነሣ ተደርጎ ሊወሰድበት ይችላል። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል፤ «በፎቶግራፉ ላይ የሚታየው 9:10 በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3:10 ነው» ብላችሁ ጻፉ።

ቋንቋም አለ። ሶማልኛ የማይችል ከሌላ ክልል የመጣ ሾፌር በደገሀቡር፣ አማርኛ የማይችል የደገሀቡር ሾፌር ደግሞ በሌላ ከተማ ይቀጣሉ። አንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 7 ችሎቱ በማያውቀው ቋንቋ ለሚካሄድበት ተከሳሽ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ እንዲመደብለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። ያላነበበውን ወረቀት ፈርሞ የተቀበለ ሰውም፣ ይዘቱ በሚያውቀው ቋንቋ እንዳልተነገረው በመጀመሪያው ማመልከቻው ላይ ይጥቀሰው፤ ዘግይቶ ሲነሣ ሰበብ ይመስላል።

ከተሳታፊዎች ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው የጫኝና አውራጆችን ጉዳይ የሚመለከት ነው፤ መኪናው ከደረሰ በኋላ በማውረጃ ዋጋ ላይ ሲከራከሩ ግማሽ ሰዓት ቢያልፍ፣ ያ ጊዜ እንደ ማራገፍ ይቆጠራል ወይ?

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ የቪየናው ትርጓሜ የሚፈተነውም በዚህ ነው። ትርጓሜው «የሚያስፈልገው ጊዜ» ይላል። ለእኔ ሁለት ሁኔታዎች ይለያሉ። ባለዕቃው ራሱ ወይም ሠራተኞቹ ሊያወርዱ ሲጀምሩ ማኅበሩ «ያለ እኛ አይወርድም» ብሎ ካስቆማቸው፣ መዘግየቱ ባለመኪናው በፈቃዱ ያመጣው አይደለም፤ ማውረዱ ተጀምሮ በሌላ ሰው ተገትቷል። በዚህ ጊዜ ያው የማኅበሩ አባል ምርጥ ምስክር ስለሚሆን ስሙን መያዝ ብልህነት ነው። ባለመኪናው ግን ዋጋ እስኪቀንስለት ድረስ አንድ ጆንያ እንኳ ሳያነሣ ከተቀመጠ፣ ያ ድርድር ነው፤ ድርድር ደግሞ መኪናውን ሌላ ቦታ አስቀምጦም ይቻላል። በመካከል ላለው ጉዳይ፣ ስፖንዳው ወርዶ ነበር ወይስ አልወረደም የሚለውን ነገር ዳኛው እንዲጠይቅ እመክራለሁ።